አዲሱ ሲመጣ ስለሚሸኘው የክብር አውቶሞቢል የኪራይ ውል

ሰው ቤቱን የሚያፈርስበት ነገር ብዙ ነው። አንዱ በመጠጥ፥ አንዱ በስንፍና፥ አንዱም በክርክር ያፈርሰዋል። ዳሩ ግን መልካም ጠባይ ያላቸው፥ ሥራቸውንም የሚያከብሩ ባልና ሚስት ሳያስቡት ለብዙ ጊዜ የሚጨነቁበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሳያነቡ የፈረሙት ወረቀት ነው። እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ የኖርን ስለ ሆንን፥ «ፊርማው የእኔ ነው፤ ቃሉን ግን አላነበብሁትም» የሚል ሰው ከዳኛ ፊት ቆሞ ሲያዝን ብዙ ጊዜ አይተናል። ዳኛውም ቢያዝንለት የተጻፈውን ሊፍቀው አይችልም። በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1731ኛው ቁጥር እንደሚናገረው፥ በሚገባ የተቋቋመ ውል በተዋዋሉት ሰዎች ላይ ሕግ ነውና።

ዛሬ ልንጽፍ የፈለግነው ስለ ቤትና ስለ መሬት ውል አይደለም፤ ስለ አውቶሞቢል የኪራይ ውል ነው። በአገራችን «ሊዝ» የሚለው ቃል ሲነሣ አሳባችን ወዲያው ወደ ከተማ ቦታ ይሄዳል። በአሜሪካ ግን ይኸው ቃል አውቶሞቢልን ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ተከራይቶ በየወሩ እየከፈሉ መያዝንም ያመለክታል። በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ፥ በቨርጂንያና በሜሪላንድ፥ ብዙ ወገኖቻችን ተቀምጠው ስለሚሠሩ ነገሩ ከዘመዶቻችን ቤት ገብቷል፤ ስለዚህ ለእኛም እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ከዚህ በታች የምንጽፈው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልን።

በ2019 በኅዳር ወር ታናሽ ወንድማችንን ለመጠየቅ ወደ አሌክሳንድርያ ሄደን ነበር፤ ይህች የግብጽዋ ሳትሆን በቨርጂንያ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለችው ናት። ወንድማችን የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፥ ሚስቱም በሆስፒታል አስታማሚ ናት። ሁለት ልጆች አሏቸው። የነበራቸው አሮጌ አውቶሞቢል በየወሩ ለጋራዥ ገንዘብ የሚያስወጣ ሆኖ ስላስቸገራቸው፥ ወንድማችን ከአንድ ነጋዴ መደብር ደርሶ ሦስት ረድፍ መቀመጫ ያለው፥ ቁመቱ ከፍ ያለ፥ አገር ቤት ቢሆን ሹማምንት የሚሄዱበትን ዓይነት የክብር አውቶሞቢል አይቶ ልቡ ተነክቶ ተመለሰ። በእጁም ሻጩ የጻፈለት አንዲት ወረቀት ነበረች። በወረቀቷ ላይ የተጻፈው በቅድሚያ 4,000 ዶላር፥ ከዚያም በየወሩ 760 ዶላር እስከ 36 ወር የሚል ብቻ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፥ ይህ እኮ ዕድል ነው፤ አዲሱ ሞዴል መምጣት ስለ ጀመረ ይህን በርካሽ እየለቀቁት ነው» አለን። ሚስቱ ግን ዝም ብላ ቡና ትቀዳ ነበር። ዝምታዋን አይተን ምክንያቱን ብንጠይቃት፥ «ጋሼ፥ አራቱ ሺህ የእማማ ቤት ጣራ ነው» አለችን። ነገሩም እውነት ነው፤ በደብረ ማርቆስ ያለው የእናታችን ቤት ቆርቆሮ ዝገት በልቶት ክረምት በገባ ቍጥር ስለሚያፈስ፥ ሁለቱ ባለ ትዳሮች ያን ገንዘብ ዓመት ሙሉ ሲያጠራቅሙት ኖረዋል። እንግዲህ ጉዳዩ የአውቶሞቢል ብቻ አልነበረም፤ የእናት ቤትና የባልና ሚስት ስምምነትም በመካከሉ ነበረበት።

በዚያች ሌሊት ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩን «ሰሙን ሰምተህ አትቅር፤ ወርቁን ፈልግ» እንደሚለው፥ በዚህች ወረቀት ላይ የወሩ ክፍያ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ግን ከበስተ ኋላው ያሉት ቍጥሮች ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት የበቅሎ ኪራይን ማሰብ ይበቃል። አንድ ሰው በቅሎ ለሦስት ዓመት ቢከራይ፥ ባለቤቱ የበቅሎዋን ሙሉ ዋጋ አይጠይቀውም። ዛሬ የምታወጣው ዋጋና ከሦስት ዓመት በኋላ አርጅታ ስትመለስ የምታወጣው ዋጋ ተቀናንሶ፥ ልዩነቱን ይጠይቀዋል፤ በዚያ ላይም ገንዘቡ በበቅሎዋ ታስሮ ስለ ቆየበት ጥቂት ወለድ ይጨምራል። የአውቶሞቢሉም ሊዝ ይኸው ነው። ተከራዩ የሚከፍለው የእርጅናውን ዋጋና ወለዱን ነው። ስለዚህ አራት ነገር ሳያውቁ «ርካሽ ነው» ወይም «ውድ ነው» ማለት አይቻልም።

አንደኛው ለኪራዩ መነሻ የሚሆነው የአውቶሞቢሉ ዋጋ ነው። በአሜሪካ በ1958 በወጣ ሕግ መሠረት በእያንዳንዱ አዲስ አውቶሞቢል መስኮት ላይ ፋብሪካው የሚያሳስበው ዋጋ ተጽፎ ይለጠፋል፤ ወረቀቱም ሕጉን ባመነጩት በኦክላሆማው ሴናተር በሞንሮኒ ስም ይጠራል። ይህ ግን የፋብሪካው አሳብ ነው እንጂ የዳኛ ፍርድ አይደለም። ለመግዛት የመጣ ሰው ዋጋውን እንደሚከራከር ሁሉ፥ ለመከራየት የመጣውም መከራከር ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ፥ ስለ ወሩ ክፍያ ብቻ ሲከራከር ዋናው ነገር ሳይነካ ያመልጠዋል።

ሁለተኛው ቀሪ ዋጋ የሚባለው ነው፤ ይኸውም አውቶሞቢሉ በውሉ መጨረሻ ያወጣል ተብሎ አስቀድሞ የተገመተው ዋጋ ነው። ይህን የሚወስነው ሻጩ ሳይሆን ገንዘቡን የሚያወጣው ኩባንያ ስለ ሆነ፥ በመደብሩ ውስጥ ቢከራከሩበት ጥቅም የለውም። የሚቈጠረውም ከተለጠፈው ዋጋ ላይ ከመቶ ይህን ያህል ተብሎ ነው።

ሦስተኛው ወለዱ ነው። በሊዝ ውስጥ ወለድ እንደ ባንክ ብድር ከመቶ ይህን ያህል ተብሎ አይነገርም፤ «መኒ ፋክተር» በሚባል እጅግ ደቃቅ ቍጥር ይነገራል። ያን ደቃቅ ቍጥር በ2,400 ቢያባዙት፥ በዓመት ከመቶ ስንት እንደ ሆነ በግምት ይታወቃል። ደግሞም ኩባንያው ካወጣው ወለድ በላይ ሻጩ ለራሱ ጥቂት ሊጨምርበት ይችላል።

አራተኛው የዘመኑና የመንገዱ ልክ ነው። ውሉ ስንት ወር እንደሚቆይና በዓመት ስንት ማይል መሄድ እንደሚፈቀድ ይወስናል።

በማግሥቱ ከወንድማችን ጋር ወደ መደብሩ ሄደን እነዚህን አራቱን በጽሑፍ እንዲሰጡን ጠየቅን። ሻጩ በመጀመሪያ «እናንተ የምትፈልጉት የወሩን ክፍያ አይደለምን?» እያለ ጥቂት ቢያንገራግርም፥ በኋላ ሰጠን። የተለጠፈው ዋጋ 54,000 ዶላር፥ ለኪራዩ የቀረበው ዋጋ 53,000፥ የውል ማስጀመሪያ ክፍያ 900፥ ቀሪው ዋጋ ከመቶ 53፥ ማለት 28,620፥ መኒ ፋክተሩ 0.00215፥ መንገዱ በዓመት 10,000 ማይል ነበር። ግብርንና የሰሌዳን ወጪ ለጊዜው ትተን እናስላው።

53,000 ላይ 900 ሲጨመር 53,900 ይሆናል። 4,000ው በቅድሚያ ሲከፈል 49,900 ይቀራል። ከዚህ ላይ ቀሪው ዋጋ 28,620 ሲቀነስ 21,280 ይሆናል፤ ይህ ለ36 ወር ሲከፈል በየወሩ 591 ነው፤ ይህ የእርጅናው ዋጋ ነው። ወለዱን ለማግኘት 49,900 እና 28,620 ተደምረው በ0.00215 ሲባዙ 169 ገደማ ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 760። ቍጥሩ ትክክል ነው፤ ሻጩ አልዋሸም። ነገር ግን የቅድሚያው 4,000 ባይኖር ወሩ 880 ይሆን ነበር። «ርካሽ» ያስመሰለው የእናታችን ጣራ ነበር። ወለዱም 0.00215 በ2,400 ሲባዛ ከመቶ 5.16 ሆኖ ተገኘ፤ ኩባንያው በዚያ ወር ያወጣው ግን 0.00175፥ ማለት ከመቶ 4.2 እንደ ነበረ ከሌላ መደብር ጠይቀን ተረዳን።

እዚህ ላይ አዲስ ሞዴል ሲመጣ የሚሸኘው ሞዴል ነገር እንዴት እንደ ሆነ መግለጽ ይገባናል። ፋብሪካዎች በጥቂት ዓመታት አንድ ጊዜ የአውቶሞቢላቸውን መልክና አሠራር ፈጽመው ይለውጣሉ። ለምሳሌ ቢ ኤም ደብልዩ በ2018 የኤክስ 5ን አራተኛ ትውልድ ገለጠ። ሌክሰስም ጂ ኤክስ 460 የተባለውን ከ2010 ሞዴል ጀምሮ እስከ 2023 ሞዴል ድረስ ሲሠራ ቆይቶ፥ በ2023 በሰኔ ወር ተከታዩን ጂ ኤክስ 550 አሳየ። ያ የተሸኘው በአገራችን ፕራዶ ተብሎ ከሚታወቀው ከቶዮታ አውቶሞቢል ጋር የቅርብ ዘመድ ነበር። ባለ 4.6 ሊትርና ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሩ በአዲሱ ላይ ባለ 3.4 ሊትርና ባለ ስድስት ሲሊንደር ሆኖ ሁለት ቱርቦ ተጨምሮለታል። ከዚህ እንደሚታየው፥ የሚሸኘው ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ብዙ ዓመት ተሠርቶበት ጕድለቱ የታረመ፥ ጠጋኞችም የለመዱት ሊሆን ይችላል።

ነጋዴው ግን አዲሱ ከመጣ በኋላ አሮጌው ሞዴል በግቢው ቆሞ እንዲቀርበት አይወድም። ፋብሪካውም ቶሎ እንዲያልቅ ለኪራይ የሚሆን የገንዘብ እርዳታ አንዳንድ ጊዜ ይሰጣል። ይህ የተከራዩ ጥቅም ነው። በሌላ ወገን ደግሞ፥ መልኩ ያለፈበት አውቶሞቢል ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሸጥ ብዙ ስለማያወጣ፥ ኩባንያው ቀሪ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይገምተዋል። ቀሪው ዋጋ ዝቅ ሲል እርጅናው ይበዛል፤ እርጅናውንም የሚከፍለው ተከራዩ ነው። ስለዚህ በአንድ እጅ የተሰጠው ቅናሽ በሌላው እጅ ተመልሶ እንዳይወሰድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሚሸኘውን የሚገዛ ሰውና የሚከራይ ሰው ጥቅማቸው አንድ አይደለም፤ ገዢ ለአሥር ዓመት ሊይዘው ይችላል፥ ተከራይ ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት፥ ማለት ዋጋው በብርቱ የሚወድቅባቸውን ዓመታት ይከፍላል።

ይህን ለወንድማችን በቍጥር አሳየነው። አዲሱ ሞዴል በመስኮቱ የተለጠፈበት ዋጋ 56,000፥ ሊለቁት የፈቀዱት በ55,000፥ ቀሪ ዋጋውም ከመቶ 59፥ ማለት 33,040 ነበር። ያለ ቅድሚያ ክፍያ፥ በኩባንያው ወለድ ሲሰላ፥ በየወሩ 791 ሆነ። የሚሸኘው በ2,000 ቅናሽ ብቻ፥ ማለት በ52,000 ቢሰጥ፥ በዚያው ወለድ 817 ይሆናል። እንግዲህ አሮጌው ከአዲሱ በለጠ ማለት ነው! ስድስት ሺህ አምስት መቶ ተቀንሶ በ47,500 ቢሰጥ ግን ወሩ 684 ይሆናል። ወንድማችን ወረቀቱን ደጋግሞ አይቶ፥ «ለካ ያረጀ ቀሚስ በአዲስ ቀሚስ ዋጋ ሊያለብሱኝ ነበር» አለ። ሚስቱም በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ከዚህ በኋላ ወደ ክርክሩ ገባን። የመጀመሪያው ሻጭ «ይህ ዋጋ እስከ ዛሬ ማታ ብቻ ነው» አለ። እኛም ብዙ ባለ ጉዳይ በዚህ ቃል ሲጣደፍ ስላየን፥ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለን አመስግነን ወጣን። ቤት ገብተን ለአምስት መደብሮች አንድ ዓይነት ደብዳቤ በኢሜል ጻፍን። በደብዳቤውም የወሩን ክፍያ አልጠየቅንም፤ «የሚሸኘው ሞዴል ስንት ቀርቷችኋል? ከተለጠፈው ዋጋ ላይ ስንት ትቀንሳላችሁ? የፋብሪካው እርዳታ ስንት ነው? መኒ ፋክተሩና ቀሪው ዋጋ ስንት ነው? ልዩ ልዩ ክፍያዎቹ እነማን ናቸው?» ብለን ብቻ ጠየቅን። ሁለቱ «መጥታችሁ እንነጋገር» ከማለት በቀር መልስ አልሰጡም። አንዱ ቍጥር ሳይጽፍ ምስጋና ብቻ ጻፈ። ሁለቱ ግን በግልጽ መለሱ። ከነዚህ አንዱ በሜሪላንድ ያለ መደብር፥ የሚሸኘው ሞዴል አራት ስለ ቀረበት፥ ከራሱ 3,500፥ ከፋብሪካው እርዳታ ደግሞ 3,000 ቀንሶ በ47,500 ሊሰጥ፥ ወለዱንም ኩባንያው ባወጣው ልክ ሊያደርገው ፈቀደ። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ሻጮች የሸጡት በወር ስለሚቈጠርላቸው፥ የወር መጨረሻ ለተከራይ መልካም ጊዜ ነው። ነገር ግን ይህ ሁልጊዜ ይሆናል ብለን አንዋሽም፤ የቀረው ጥቂት፥ ፈላጊው ብዙ ከሆነ የሚሸኘውም ቢሆን አይቀነስም።

ዋጋው ካለቀ በኋላ የቀረው የመንገዱ ነገር ነበር። አሥር ሺህ ማይል ወደ 16,000 ኪሎሜትር ነው፤ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ነገር ግን የወንድማችን ሚስት ወደ ሆስፒታሉ የምትሄድበትን፥ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚደርሱበትንና የእሑዱን የቤተ ክርስቲያን መንገድ ስንደምር በዓመት 14,000 ማይል ሆነ። በውሉ ከተፈቀደው በላይ ለሚሄደው ለእያንዳንዱ ማይል 25 ሳንቲም እንደሚከፈል ተጽፎ ነበር። በዓመት 4,000፥ በሦስት ዓመት 12,000 ማይል ሲተርፍ፥ አውቶሞቢሉ በሚመለስበት ቀን 3,000 ዶላር ዕዳ ይመጣል ማለት ነው። የተፈቀደው መንገድ አስቀድሞ ወደ 15,000 ማይል ከፍ ቢል ግን ቀሪው ዋጋ ከመቶ ወደ 50፥ ማለት ወደ 27,000 ይወርዳል፤ ወሩም ከ684 ወደ 726 ያድጋል። ይህ በሦስት ዓመት 1,518 ዶላር ገደማ ነው። ሦስት ሺህ ከመክፈል ይህ ይሻላልና እንዲሁ ተደረገ። ዝቅ ያለውን ወርኃዊ ክፍያ አይቶ ለመደሰት የመንገዱን ልክ ማሳነስ ራስን ማታለል ነው።

የቅድሚያውንም ገንዘብ ፈጽመን አስቀረነው። ምክንያቱም ይህ ነው፤ አውቶሞቢሉ በተወሰደ በወሩ ቢሰረቅ ወይም ዳግመኛ እንዳይጠገን ሆኖ ቢሰበር፥ ኢንሹራንስ የሚከፍለው ለባለቤቱ፥ ማለት ለአከራዩ ኩባንያ ነው። ኢንሹራንስ የሚከፍለውና ለአከራዩ የሚቀረው ዕዳ ቢለያዩ ልዩነቱን የሚሸፍን «ጋፕ» የሚባል ዋስትና አለ፤ ይህም በብዙ የሊዝ ውል ውስጥ ይገባል፥ መግባቱንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ተከራዩ በቅድሚያ የሰጠውን ገንዘብ ግን ጋፕም አይመልስለትም። በሰው በቅሎ ላይ የራስን ወርቅ ጭኖ መላክ ማለት ይህ ነው።

በመፈረሚያው ቀን ወንድማችን ብዕሩን አንሥቶ ነበር፤ እኛ ግን አንድ ሰዓት ለመንነው። በአሜሪካ በ1976 በወጣው ስለ ተከራዮች መብት በሚናገረው ሕግ፥ ለግል ወይም ለቤተ ሰብ ጥቅም ከአራት ወር በላይ በሚቆይ የኪራይ ውል፥ ተከራዩ ከመፈረሙ በፊት በመፈረሚያው ቀን የሚከፍለውን፥ የወሩን ክፍያ፥ የጠቅላላውን ድምር፥ ቀሪውን ዋጋና ወለዱን በዶላር ልክ በጽሑፍ ማየት አለበት። መኒ ፋክተሩን ግን አከራዩ እንዲጽፍ ሕጉ አያስገድደውም፤ ስለዚህ በዶላር የተጻፈውን የወለድ ድምር በወራቱ አካፍለን፥ ከራሳችን ስሌት ጋር አስተያየነውና ልክ ሆኖ አገኘነው።

ከዚያም ወደ መጨረሻዎቹ አንቀጾች ሄድን፤ በውል ሁሉ መራራው ነገር ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ይቀመጣልና። ውሉን ከዘመኑ በፊት ማፍረስ ብዙ ሺህ ዶላር ሊያስከፍል እንደሚችል፥ ከልማዳዊው እርጅና ያለፈ ጭረትና ስብራት እንደሚያስከፍል፥ አውቶሞቢሉ ሲመለስም የመመለሻ ክፍያ እንዳለ ተጽፎ አገኘን። የመጨረሻው አንቀጽ ደግሞ ተከራዩ ቢፈቅድ በውሉ መጨረሻ አውቶሞቢሉን በ27,000 ዶላርና በጥቂት ክፍያ ሊገዛው መብት እንዳለው ይናገር ነበር። ወንድማችን «ይህ አያስፈልገንም፤ እንመልሰዋለን» አለ። እኛ ግን «መብት እንጀራ አይበላም፤ ይቀመጥ» ብለን መኖሩን አረጋገጥን። ደግሞም ብዙ ሰው «ባልወደው በሦስት ቀን እመልሰዋለሁ» ብሎ ይፈርማል፤ በነጋዴው መደብር ውስጥ ለተፈረመ የአውቶሞቢል ውል ግን የፌዴራሉ ሕግ እንዲህ ያለ የመጸጸቻ ጊዜ አልሰጠም። ጸጸት ከፊርማ በፊት ሲሆን ጥበብ ነው፤ ከፊርማ በኋላ ግን ኀዘን ነው።

እንግዲህ ድምሩን እንመልከት። የመጀመሪያው ውል ቢፈረም ኖሮ የቅድሚያው 4,000ና የ36 ወሩ ክፍያ 31,357 ዶላር፥ የተረፈውም መንገድ 3,000፥ በድምሩ 34,357 ዶላር ይሆን ነበር። በተፈረመው ውል ግን ጠቅላላው 26,150 ዶላር ሆነ። ልዩነቱ 8,207 ዶላር ነው፤ ያውም በአንድ ዓይነት አውቶሞቢል፥ በአንድ ዓይነት ዘመን፥ በአንድ ወር ውስጥ። አራቱ ሺህ ለእናታችን ተላከ። በሚቀጥለው ክረምት እናታችን በስልክ፥ «ዝናቡን አሁን በጆሮዬ ብቻ ነው የምሰማው» አሉን።

የዚህ ነገር ፍጻሜ ደግሞ ካሰብነው ውጭ ሆነ። በ2020 ወረርሽኙ መጣና ልጆቹ ከቤት ስለ ተማሩ፥ የቤተ ክርስቲያኑም መንገድ ስለ ተቋረጠ፥ የተገዛው ማይል ሁሉ አላለቀም፤ በዚህ ስሌታችን ሳተ። በ2021 ደግሞ ለአውቶሞቢል የሚያስፈልጉ ረቂቅ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ስለ ጠፉ አዲስ አውቶሞቢል አነሰ፥ የተነዳውም ዋጋ በአሜሪካ ሁሉ እጅግ ወጣ። ውሉ በ2022 በኅዳር ሲያልቅ፥ ያ ሰው ሁሉ ያለፈበት ያለው አውቶሞቢል በገበያ ከ27,000 ዶላር በብዙ የሚበልጥ ዋጋ ያወጣ ነበር። ወንድማችን «ወንድም ጋሼ፥ ያ የመጨረሻው አንቀጽ አለ?» ብሎ በስልክ ጠየቀን። «ፊርማህ ያለበትን ወረቀት አውጥተህ አንብብ» አልነው። አንብቦም፥ ከፊሉን ካጠራቀሙት፥ ከፊሉን ከባንክ ተበድረው ገዙት። ስለ ማይሉ ብለን የከፈልነው ጭማሪም የመግዣውን ዋጋ ዝቅ አድርጎት ስለ ነበር ከንቱ አልቀረም።

ይህን ስንጽፍ ጥበባችንን ለማመስገን አይደለም። የገበያው መውጣት ዕድል ነው፤ ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም፥ ጸሐፊም ነቢይ አይደለም። ነገር ግን ዕድል ሲመጣ ተቀብሎ ለማስገባት በር ያስፈልገዋል፤ ያም በር በውሉ ውስጥ የተነበበውና የተጠበቀው አንቀጽ ነበር።

በመጨረሻም ለቤተ ሰብ አለቆችና ለእመቤቶች የምንመክረው ይህ ነው። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለዋል። የተከራዩት አውቶሞቢል ምንም ቢያበራ የአከራዩ ነው፤ ለክብር ብቻ ብሎ ከአቅም በላይ መከራየት ወርኃዊ ዕዳን በቤት ውስጥ እንግዳ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። የግድ የሚከራይ ሰው ግን ስለ ወሩ ክፍያ ሳይሆን ስለ መነሻው ዋጋ ይከራከር፤ የሚሸኘውን ከአዲሱ ጋር በድምሩ ያስተያይ፤ የቅድሚያ ገንዘቡን በእጁ ያኑር፤ የሚሄድበትን መንገድ በእውነት ይቍጠር፤ ወረቀቱንም ከመጨረሻው ጀምሮ ያንብብ። ከሁሉም በላይ፥ ባል ብቻውን፥ ሚስትም ብቻዋን አትፈርም። በዚያች ሌሊት ቍጥሩን ያሰላን እኛ ብንሆን፥ መጀመሪያ ነገሩን ያስቆመችው ግን ዝም ብላ ቡና ስትቀዳ የነበረችው ሴት ናት።